ሐረጉ ጠፍጣፋ ሲሆን፦ በግዙፍ ዱባ ላይ የሚታይ እንግዳ እድገት

የግዙፍ ዱባ አብቃዮች ከፍሬው በፊት ዓይናቸው ሐረጉ ላይ ነው። ለውድድር የሚተከለው ዱባ በአብዛኛው ካናዳዊው ሃዋርድ ዲል ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ካዳበረው «አትላንቲክ ጃይንት» ዘር የወረደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመዘነ አንድ ዱባ 1,247 ኪሎ ግራም ሆኗል። ለዚህ ሁሉ ክብደት ውሃውንም ምግቡንም የሚያመላልሰው ሐረጉ ነው። መልኩ ሲቀየር አብቃዩ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ጤነኛ ሐረግ ድቡልቡል ነው። በየአንጓው ቅጠል፣ አበባ፣ የሚጠመጠም ክርና የጎን ሐረግ ያወጣል። አንጓው አፈር ካገኘ ሥርም ይሰዳል።

አንዳንዴ ግን ሐረጉ እንደ ቀበቶ ጠፍጣፋና ሰፊ ይሆናል። ቅጠሉ ይደራረባል፣ አበባው አንድ ቦታ ይታጨቃል። ሁለት ፍሬ ተጣብቆ የሚወጣበት ጊዜም አለ። ክስተቱ ፋሲዬሽን ይባላል፤ በሌሎች ብዙ ተክሎችም ላይ ይታያል። ነገሩ የሚጀምረው ለጋው ጫፍ ላይ ነው። አዲስ አካል የሚሠሩት ሴሎች እዚያ አንዲት ትንሽ ጉብታ ላይ ተሰብስበው ይኖራሉ። ጉብታዋ ወደ ጎን ከተለጠጠች ሐረጉም አብሮ ይሰፋል።

መነሻው ብዙ ነው፦ የዘር ውርስ፣ የሆርሞን መዛባት፣ ብርድ፣ ጫፉን የነካ ነፍሳት፣ የአረም ማጥፊያ ብናኝ። ሮዶኮከስ ፋሲያንስ የተባለ ባክቴሪያም በተለያዩ ተክሎች ላይ ያመጣዋል። በዓይን ብቻ አይቶ «ይሄ ነው» ማለት ግን ይከብዳል። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ብዙ ተክሎች በአንዴ ከተጠፈጠፉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአረም ማጥፊያ ወይም ብርድ ነው።

ታዲያ ይቆረጥ? መቸኮል አያስፈልግም። ጠፍጣፋ ሐረግ ትንሽ ተጉዞ ራሱ ወደ ድቡልቡል ሊመለስ ይችላል። ትልቁ ስጋት ፍሬው እዚያው ጠፍጣፋው ላይ ሲያዝ ነው። ሐረጉ ከተሰነጠቀ ውሃ ይገባዋል፣ ከዚያ መበስበስ ይከተላል። ስለዚህ ፍሬውን ድቡልቡል ክፍል ላይ ማስያዝ ይመረጣል። መስፋቱ ካልቆመ ጫፉ ይቆረጥና ከበስተኋላው ያለ ጠንካራ የጎን ሐረግ ዋና ሆኖ ይመራል። ይህ የሚያዋጣው ወቅቱ ገና ሳለ ነው። ፍሬ ተይዞ ማበጥ ከጀመረ በኋላ መቁረጡ ኪሳራ ነው። ዘር የሚያስቀር ሰው ደግሞ የእናትየው ሐረግ ጠፍጣፋ እንደነበር ፖስታው ላይ ይጻፍ።