ዶሮ ማስታቀፍ በኢትዮጵያ ገጠር

ዶሮ ማስታቀፍ ማለት መታቀፍ የጀመረችን እናት ዶሮ በተዘጋጀላት ጎጆ የተመረጡ እንቁላሎች ላይ አስቀምጦ፣ ጫጩቶቹ ፈልፍለው እስኪወጡ ድረስ እየመገቡና ከአደጋ እየጠበቁ የመንከባከብ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ከሚገኙት ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች አብዛኞቹ የአገር ዝርያዎች ሲሆኑ፣ ከትውልድ ትውልድ የሚተካኩትም በመፈልፈያ ማሽን ሳይሆን በዚሁ መንገድ ነው። ሥራው በአብዛኛው በእናቶች እጅ ያለ ነው። ምርጫን፣ የወቅት ግምትንና የዕለት ክትትልን አጣምሮ የሚጠይቅ ሙያ ሆኖ ሳለ በጽሑፍ ያገኘው ቦታ ግን ከሚገባው እጅግ ያነሰ ነው።

በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በተባለ ጥንታዊ መንደር በቁፋሮ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች ዕድሜያቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ820 እስከ 595 ባለው ጊዜ ውስጥ ተገምቷል፤ ይህም በአፍሪካ ቀንድ ስለ ለማዳ ዶሮ ከሚታወቁት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ነው። ወፏ የገባችው በዓባይ ሸለቆ ነው ወይስ በቀይ ባሕር በኩል የሚለው አሁንም አከራካሪ ነው፤ ምናልባትም በሁለቱም አቅጣጫ ገብታ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ባሉት ረጅም ዘመናት ዶሮ በደጋም በቆላም የገበሬው ቤት ቋሚ ነዋሪ ሆና ኖራለች።

የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ ይህንንም የምትጥለው በሦስት ወይም በአራት ዙር ከፋፍላ ነው። በአንድ ዙር 12 ወይም 15 ያህል ከጣለች በኋላ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን በደሟ ውስጥ ይጨምራል፣ መጣሏን ታቆማለች፣ የሆዷ ላባ ሳስቶ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቆዳዋ ይገለጣል። በዚህ ጊዜ ከጎጆዋ አትነሣም፤ ሰው ሲቀርባት ላባዋን ትነፋለች፣ ድምፅዋ ይወፍራል፣ እጅም ትነክሳለች። ልምድ ያላቸው ሴቶች በዚህ ብቻ አይረኩም፤ አንድ ወይም ሁለት እንቁላል አስቀምጠውላት ሌሊቱንም ጭምር ጸንታ መቀመጧን ካረጋገጡ በኋላ ነው ሙሉውን የሚሰጧት። ለእናትነት የምትመረጠው ሰውነቷ ሰፋ ያለ፣ ጠባይዋ የረጋ፣ ከዚህ ቀደምም ታቅፋ ጫጩቶቿን በደህና ያሳደገች ዶሮ ናት።

ጎጆው ስባሪ ጋን፣ አሮጌ ቅርጫት ወይም መሬት ላይ የተማሰ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። ጉዝጓዙ ደረቅ የጤፍ ጭድ ነው። በሥሩ ጥቂት አመድ መነስነስ የዶሮ ቅማልን ይቀንሳል፤ ቅማል የበዛባት ዶሮ እንቁላሏን ትታ ስለምትነሣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሥፍራው ጨለም ያለ፣ ከጭስና ከልጆች ጫጫታ የራቀ፣ ድመትና አይጥ የማይደርሱበት መሆን አለበት።

የሚታቀፈው እንቁላል አውራ ዶሮ ካለበት መንጋ የተገኘ፣ ከተጣለ ከአንድ ሳምንት እምብዛም ያላለፈው፣ ያልተሰነጠቀና ያልታጠበ ሊሆን ይገባል፤ እጥበት ቅርፊቱን የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን ያስወግዳል። ብዙ ቤተሰቦች እንቁላሉን እስኪጠራቀም ድረስ በእህል ውስጥ ያቆዩታል፤ ቦታው ቀዝቃዛ ከሆነና ሹል ጫፉ ወደ ታች ከተደረገ መልካም ዘዴ ነው። እንቁላልን በጆሮ አጠገብ እያንቀጨቀጩ መፈተን ግን ለምግብ ካልሆነ በቀር ለሚታቀፍ እንቁላል ጎጂ ስለሆነ መተው ይኖርበታል። ለአንዲት የአገር ዶሮ ከ10 እስከ 13 እንቁላል በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጠርዝ ላይ ያሉት ይበርዳሉ።

ወቅቱን በተመለከተ አብዛኛው ገበሬ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን በጋ ይመርጣል። በክረምት ጫጩት በብርድና በእርጥበት ይጎዳል፣ ቁመት የጨመረው ሰብል ለሸለምጥማጥ መደበቂያ ይሆናል፣ ዝናብ ሲጀምርም ፈንግል የተባለው ተላላፊ የዶሮ በሽታ ይነሣል። በዐቢይ ጾም እንቁላል ስለማይበላና ዋጋውም ስለሚወርድ፣ በዚያን ጊዜ የተጣለውን ማስታቀፍ ለቤቱ ኢኮኖሚ ያዋጣል።

ፍልፈላው 21 ቀን ይፈጃል። ዶሮዋ እንቁላሎቹን ወደ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ትይዛለች፤ ጽንሱ ከቅርፊቱ ጋር እንዳይጣበቅም በቀን ብዙ ጊዜ ታገላብጣቸዋለች። ብዙውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ ለ15 ወይም ለ30 ደቂቃ ያህል ትነሣለች፤ ያን ጊዜ ጥሬና ንጹሕ ውኃ አጠገቧ ማግኘት አለባት፤ ካጣች ርቃ ትሄዳለች፣ እንቁላሉም ይቀዘቅዛል። በሰባተኛው ቀን ገደማ በጨለማ ባትሪ አብርቶ ማየት ይቻላል፤ የዳበረው ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲታዩበት ያልዳበረው ጥርት ብሎ ይታያል። የገለማው ቶሎ ካልወጣ ፈንድቶ ሌላውን ይበክላል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ጎጆውን አለመንካት ነው፤ ጫጩቱ ቅርፊቱን ከሰበረ በኋላ እስኪወጣ ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ ሊወስድበት ስለሚችል ቅርፊቱን ልጦ መርዳት ደም ያፈሰዋል። በመልካም እንክብካቤ ከታቀፉት እንቁላሎች 70 ወይም 80 በመቶ ያህሉ ይፈለፈላሉ፤ ይህም ያለ መብራትና ያለ ነዳጅ የሚገኝ በመሆኑ ለአገሪቱ ዶሮ ክብር የሚሰጥ ውጤት ነው።

ትልቁ ጥፋት የሚመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ግማሽ ያህሉ ጫጩት በፈንግል፣ በጭልፊትና በብርድ ያልቃል። የተሸረከተ ጥሬ፣ ጠጠር የተደረገበት ጥልቀት የሌለው የውኃ ዕቃ፣ ለጥቂት ሳምንታት እናቲቱን ከነልጆቿ ቅርጫት ሥር ማዋል ብዙ ነፍስ ያድናል። በቢሾፍቱ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባት ያመርታል፤ ሙቀትን የሚቋቋመውና በዓይን ጠብታ የሚሰጠው ዓይነት ማቀዝቀዣ ለሌለው ገጠር ታላቅ አገልግሎት ሰጥቷል።

መታቀፍ የማይፈለግባትን ዶሮ ቁልቁል ማንጠልጠል፣ በአፍንጫዋ ቀዳዳ ላባ መሰካት ወይም ውኃ ውስጥ መንከር በብዙ አካባቢ የተለመደ ነው። እነዚህ ያለ ጥርጥር ጭካኔ ናቸው። ጉዝጓዝ በሌለውና አየር በሚያስገባ ሣጥን ውስጥ ምግብና ውኃ ሳይጓደልባት ለጥቂት ቀናት ማቆየት ያንኑ ውጤት ያስገኛል። ወደ ጎረቤት ቤት መውሰድም ይሠራል።

እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በጅማና በዓለማያ የግብርና ትምህርት ቤቶች፣ በኋላም በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል በኩል እንደ ሮድ አይላንድ ሬድና ኋይት ሌግሆርን ያሉ የውጭ ዝርያዎች ተሠራጭተዋል። ሌግሆርን ብዙ ትጥላለች እንጂ አትታቀፍም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የተሻሻለ ዝርያ የዳበረ እንቁላል የሚያገኝ ገበሬ የሚያስታቅፈው የአገር ዶሮን ነው። እንቁላሉ ትልቅ በመሆኑ ቁጥሩ ወደ ስምንት ወይም ዘጠኝ ይወርዳል።

ዳክዬ ለሚያረቡ ጥቂት ቤቶችም ይኸው ዶሮ ታገለግላለች። የዳክዬ እንቁላል 28 ቀን፣ ሙስኮቪ የተባለው የዳክዬ ዓይነት ደግሞ 35 ቀን ስለሚፈልግ ከራሷ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ተጨማሪ መቀመጥ ይኖርባታል፤ ስድስት ያህል እንቁላል ይበቃታል። እርጥብ ሆዷን ይዛ የምትመለስ እናት ዳክዬ ስለሌለች በመጨረሻዎቹ ቀናት እንቁላሉ ላይ ለብ ያለ ውኃ መርጨት ይረዳል፤ የተፈለፈሉትም የእናታቸውን የላባ ቅባት ስለማያገኙ ላባ እስኪያወጡ ድረስ ለመጠጥ እንጂ ለዋና የሚሆን ውኃ አይቀርብላቸውም።