የባሕር ዳርቻ ሥነ ምህዳር ምንድን ነው? ከአየር ንብረት ለውጥ ጋርስ ምን አገናኘው?

የዛፍ ሥር ወደ ታች ነው የሚያድገው፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። ማንግሮቭ የሚባለው ዛፍ ግን ይህን አልሰማም። ባሕሩ በየጊዜው እየመጣ የሚያጥለቀልቀው ጭቃ ውስጥ አየር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንዱ የማንግሮቭ ዓይነት እንደ እርሳስ የቀጠኑ ሥሮችን ከጭቃው በላይ ያቆምና በእነሱ ይተነፍሳል። ሌላው ከግንዱ ወደ ጎን ወጥተው ጭቃውን በሚነክሱ ሥሮች ላይ ይቆማል። ከሩቅ ሲያዩት ምርኩዝ የበዛበት ሽማግሌ ይመስላል።

የባሕር ዳርቻ ሥነ ምህዳር ሲባል እንዲህ ያለው ነው፤ ባሕርና የብስ በሚገናኙበት ቦታ የሚኖረው ሕይወት ሁሉ። በሞቃት አገሮች ማንግሮቭ አለ፤ ኮራልም አለ፤ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋይ መሰል ነገር ነው። ቀዝቀዝ ባሉት ደግሞ ጨው የለመደ ሣር የሚበቅልበት ረግረግ ይገኛል። ሣርና ቁጥቋጦ አጥብቆ የያዘው የአሸዋ ክምርም እዚሁ ይመደባል። ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ የሚኖረው የባሕር ሣርም እንዲሁ። በነገራችን ላይ፣ ብዙዎች የባሕር ሣርን ከአልጌ ጋር ያምታቱታል። እሱ ግን ሥርና ቅጠል ያለው፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያብብ ተክል ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሳ ሁለት ሥራ አለ። አንደኛው ወደ አየር የምንለቀውን ጋዝ መቀነስ ነው። ሁለተኛው መጥቶ ደጅ ላይ ከቆመው ጣጣ ጋር መኖር መቻል ነው፤ ይህ መላመድ ይባላል። ማንግሮቭ በብዛት የሚወራለት ካርቦን በጭቃው ውስጥ ስለሚያከማች፣ ማለትም ለመጀመሪያው ሥራ ነው። እኔ ግን ለዳርቻው ነዋሪ ሁለተኛው ይበልጣል ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 ድረስ የዓለም የባሕር ጠለል በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ የብስ ላይ ያለው በረዶም ሲቀልጥ ወደ ባሕር ይወርዳል። 20 ሴንቲ ሜትር ከአንድ ስንዝር ብዙም አይርቅም፤ ምንም አትመስልም። ችግሩ ማዕበል ሲነሳ ነው፤ የሚነሳው ከዚያች ስንዝር በላይ ሆኖ ነው። ድሮ ደጃፍ ላይ ይመለስ የነበረው ውሃ አሁን ቤት ይገባል።

እዚህ ላይ ዳርቻው ራሱ ይሠራል። ሞገድ ኮራል በገነባው ክምር (ሪፍ ይባላል) ላይ ሲደርስ ይሰበራል፤ ጉልበቱን በአማካይ 97 በመቶ ያህል እዚያው ጥሎ ያልፋል። 100 ሜትር ስፋት ያለው ማንግሮቭ ደግሞ የሞገድን ከፍታ ከ13 እስከ 66 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ልዩነቱ የሰፋው ያለምክንያት አይደለም፤ ዛፉ ምን ያህል ጥቅጥቅ ብሏል? ሥሩ የት ድረስ ይደርሳል? ውሃውስ ምን ያህል ጥልቅ ነው? በአውሎ ነፋስ ተገፍቶ የሚመጣው የውሃ ሙላት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ለመቀነስ ሜትር አይበቃም፣ ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ማንግሮቭ ከ5 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ቢቀንስ ነው። ስለዚህ አንድ ረድፍ ዛፍ ተክሎ ተረፍን ማለት ራስን ማታለል ነው።

የእኔን ልብ የሚወስደው ግን ሌላ ነገር ነው። ውሃ በእነዚያ ሥሮች መካከል ሲገባ ይዘገያል። ሲዘገይ የተሸከመውን ደለል ያራግፋል። ቅጠልና የሞተ ሥርም ይጨመርበታል። እንዲህ እያለ መሬቱ በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ባሕሩ ከፍ ሲል መሬቱም ከፍ ይላል ማለት ነው። የኮንክሪት ግንብ ይህን አይችልም፤ የተሠራ ቀን ያለው ቁመት የመጨረሻው ነው።

ግን ልክ አለው። የባሕሩ መጨመር በዓመት ወደ 7 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ ማንግሮቭ ሩጫውን መሸነፉ አይቀርም። ኮራል ደግሞ በሙቀቱ ራሱ ይታመማል። የዓለም ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከጨመረ ከ70 እስከ 90 በመቶው ኮራል እንደሚጠፋ ይገመታል። በ2 ዲግሪ ከሆነ የሚተርፈው ለወሬ ነው።

ሌላው እንቅፋት እኛው ነን። ረግረግ ባሕሩ ሲገፋው ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይችል ነበር። ከኋላው ግን መንገድ ወይም ግንብ አለ። ከፊት ባሕሩ፣ ከኋላ ግንቡ፤ በመካከል ታንቆ ያልቃል። በደቡብ እንግሊዝ ሜድመሪ በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ደፋር ነገር ተደረገ። መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ 7 ኪሎ ሜትር የሚረዝም አዲስ የአፈር ግድብ ተሠራ። ከዚያ የቀድሞው መከላከያ ሆን ተብሎ ተጣሰና ባሕሩ ግባ ተባለ። በሁለቱ መካከል የነበረው የእርሻ መሬት ዛሬ ረግረግ ሆኖ የሞገዱን ጉልበት ይቀበላል።

መትከልስ? በፊሊፒንስ ለብዙ ዓመታት በዘመቻ ማንግሮቭ ተተክሏል። በብዙ ቦታ ቆይቶ የጸደቀው ከ10 እስከ 20 በመቶው ብቻ ነው። ቦታው ተሳስቶ ነበር። ባለቤት ያለው ከፍ ያለ መሬት ስለማይነካ፣ ችግኙ ውሃው ብዙም በማይሸሽለት ዝቅተኛ ጭቃ ላይ ተተከለ። ዓይነቱም ብዙ ጊዜ ለቦታው አልሆነም። ለመያዝና ለመትከል የሚቀለው ተመረጠ እንጂ እዚያ መብቀል የለመደው አልተመረጠም።

ብዙ ጊዜ የተሻለው ዘዴ ከዚህ ይቀላል። የተተወ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ኩሬ ግድቡ ይከፈታል፤ ባሕሩ እንደ ድሮው መግባትና መውጣት ይጀምራል። በአቅራቢያው ማንግሮቭ ካለ ዘሩ ራሱ ይመጣል። የአንዳንዱ ዘር ገና እናቱ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ይበቅላል፤ አረንጓዴ ዱላ መስሎ ይረዝምና አንድ ቀን ይወድቃል። ጭቃ ካገኘ ይሰካል። ውሃ ላይ ከወደቀ ይንሳፈፋል፤ የሚመቸው ዳርቻ እስኪያገኝም ለሳምንታት ይጓዛል።