«ማርክ ተደርጓል» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ቪዲዮ ላከልኝ። ቨርጂኒያ የሚኖር ወንድማችን ጓሮው ላይ አጥር ሲተክል በአማርኛ እያስረዳ ያሳያል። ባለሙያ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ጨዋታውም ደስ ይላል። አንድ ቦታ ላይ ግን ሣሩ ላይ ወደተሰመረው ቢጫ ቀለም እያመለከተ «811 ደውያለሁ፤ ማርክ ተደርጓል። ጋዙ እዚህ ጋ ነው። ከመስመሩ አንድ ጫማ ያህል ራቅ ካላችሁ እንደልባችሁ ቆፍሩ» አለ። እዚያው ላይ አቆምኩት። ባለቤቴ «ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለችኝ።

ሥራዬ ያንን ቢጫ መስመር ማስመር ነው፤ 811 ሲደወል መጥቼ የተቀበረው ቧንቧ የት እንዳለ መሬቱ ላይ በቀለም አመለክታለሁ። ሎኬተር ይሉናል። «ማርክ ተደርጓል» የሚለውን ነገር በየቀኑ እሰማዋለሁ። አብዛኛው ሰው የሚለው ግን ቦታው ጠበል የተረጨ ይመስል ነው። ከዚያ በኋላ ክፉ አይነካንም፣ ቆፍር!

811 ምን እንደሆነ በማስረዳት ጊዜ አላጠፋም። ከመቆፈር በፊት የሚደወልበት ነፃ ቁጥር ነው፤ ከ2007 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) በመላው አሜሪካ ይሠራል። መደወሉን ብዙዎቻችን ለምደናል። የተበላሸው ከተደወለ በኋላ ያለው ነገር ነው።

በኛ ሰው ብዙም አልፈርድም። አገር ቤት ነዳጅ የምናውቀው በቦቴ ነው። ከጅቡቲ በመኪና ይመጣል፣ ማደያ ይራገፋል። የማብሰያ ጋዝም በሲሊንደር ነው። ቧንቧ ሲባል የሚታየን ውሃ ነው፤ ቢሰበር ሰፈሩ ይጨቀያል፣ ሁለት ቀን ውሃ ይጠፋል፣ አለቀ። እዚህ ግን ቤንዚን፣ ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ ከቴክሳስ ተነስቶ በእግራችን ሥር ያልፋል። በሜይ 2021 የኮሎኒያል ፓይፕላይን ኮምፒውተሮች ተጠልፈው መስመሩ ሲዘጋ፣ እዚህ አካባቢ ማደያ ላይ የተሰለፈ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል።

ወደ ማርኩ ልመለስ። የኔ መሣሪያ ቧንቧውን አያየውም። ቧንቧው ብረት ከሆነ በራሱ ላይ፣ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ አብሮት በተቀበረው ሽቦ ላይ የኤሌክትሪክ ሲግናል እለቅቃለሁ። ከዚያ መቀበያውን ይዤ ላዩ ላይ እየተራመድኩ ሲግናሉ የሚጠነክርበትን እከተላለሁ፣ ቀለም እረጫለሁ። የምከተለው ሲግናሉን ነው። ሲግናል ደግሞ እንደ ሰው ነው፣ ቀላል መንገድ ይወዳል። አጠገቡ የውሃ ብረት ወይም የስልክ ገመድ ካለ ዘሎ እዚያ ይገባል። ሽቦው ተበጥሶ ከሆነ መሃል ላይ ይጠፋል። ቧንቧው የሚታጠፍበት ቦታ ላይም ያሳስታል።

በባለቤቴ ሥራ ልመስለው፤ ነርስ ናት። ደም ስትቀዳ ክንድ ላይ ላስቲክ ታስራለች፣ በጣቷ ትዳስሳለች፣ «እዚህ ጋ አለ» ትላለች። ማርክ ማለት ይኼ ነው። ጣቷ ነገራት እንጂ ዓይኗ ሥሩን አላየውም። የአንዱ ሰው ሥር ይንሸራተታል፣ የሌላው በጣም ይጠልቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሥር መስሎ ጅማት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ መርፌውን ቀስ አድርጋ ታስገባለች፤ ደሙን በዓይኗ ስታይ ነው «አገኘሁት» የምትለው። ዳስሼዋለሁ ብላ በቢላ የምትገባ ነርስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኤክስካቫተር ማለት ቢላ ነው፣ ያውም ጥርስ ያለው። ላስቲኩ የኔ ሲግናል ነው፣ ቆዳው አፈሩ ነው፣ የደም ግፊቱ ደግሞ... እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

በሕጉ ላይ ይኼ በዝግታ የሚቆፈርበት ቦታ ስም አለው። በአማርኛ «የጥንቃቄ ክልል» ብንለው ይሻላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከቧንቧው ጠርዝ በግራም በቀኝም 24 ኢንች ነው። ሜሪላንድ ውስጥ 18 ኢንች ነው፤ ወንዝ ተሻግራችሁ የምትሠሩ ልብ በሉ። ከመስመሩ መሃል እንዳልል አስተውሉ፤ ከቧንቧው ጠርዝ ነው። ይኼ ቀልድ አይደለም። 36 ኢንች ስፋት ያለው ቧንቧ ከሆነ ክልሉ 24 ሲደመር 36 ሲደመር 24፣ በጠቅላላ 84 ኢንች ይሆናል፤ ከሁለት ሜትር በላይ። ወንድሜ «አንድ ጫማ ራቅ በሉ» ያለው 12 ኢንች ነው። ቀለሙ የቧንቧውን መሃል ብቻ የሚያሳይ ቢሆን፣ 12 ኢንች የራቀው ሰው ገና ከቧንቧው ጀርባ ላይ አልወረደም።

እሱ ጓሮ ያለው ቀጭን የቤት መስመር ሳይሆን አይቀርም። ግን ቀለሙ ይኼን አይነግራችሁም። ቀይ ኤሌክትሪክ ነው፣ ሰማያዊ የመጠጥ ውሃ፣ ብርቱካናማ ስልክና ኢንተርኔት፣ አረንጓዴ ፍሳሽ። ቢጫ ግን ጋዝም ነዳጅም ነው። ወደ ምድጃችሁ የሚሄደው የጣት ውፍረት ያለው ፕላስቲክም ቢጫ ነው፤ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት የብረት ቧንቧም ያው ቢጫ ነው። ከመስመሩ አጠገብ የተጻፉትን ፊደሎችና ቁጥሮች ካላነበባችሁ ምንም አታውቁም። በየሜዳው የሚቆመው የማስጠንቀቂያ ምሰሶም «በዚህ አካባቢ አለ» ይላል እንጂ ቧንቧው ልክ ከሥሩ ነው አይልም።

አሁን ግፊቱ። ቤት ውስጥ ምድጃ ጋ የሚደርሰው ጋዝ ግፊቱ አንድ ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ ነው) እንኳ አይሞላም። የመኪና ጎማ ከሠላሳ በላይ ነው። በመንገዱ ሥር የሚያልፈው የሰፈር መስመር ብዙ ጊዜ እስከ 60 ይደርሳል። ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር የሚሻገረው ትልቁ መስመር ግን በመቶዎች የሚቆጠር ነው፤ ከአንድ ሺህ የሚያልፍም አለ። «ጋዝ መትቼ አውቃለሁ፣ ፉጨት ብቻ ነው ያሰማው» የሚለኝ ኮንትራክተር አይጠፋም። የመታው የቤት መስመር ነው። ትልቁን ቢመታው ኖሮ አይነግረኝም ነበር።

በኖቬምበር 2004 ካሊፎርኒያ፣ ዋልነት ክሪክ የሚባል ከተማ የሆነውን ልንገራችሁ። ሠራተኞች ትልቅ የውሃ ቧንቧ እየቀበሩ ነበር። አጠገባቸው ከፍተኛ ግፊት ያለው የቤንዚን መስመር ያልፋል። ማርክ ተደርጓል። ቧንቧው ግን አንድ ቦታ ላይ ይታጠፋል፤ መታጠፊያው አልተሰመረም። ኤክስካቫተሩ ወጋው። በአቅራቢያው ብየዳ ይሠራ ነበርና ቤንዚኑ ተያያዘ። አምስት ሰዎች ሞቱ። ስህተቱ የቆፋሪዎቹ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ስህተት የኛ የአስማሪዎቹ ወገን ነው። ለዚህም ነው የኔን ቀለም አትመኑ የምለው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቧንቧውን በዓይናችሁ እዩት። በጥንቃቄ ክልሉ ውስጥ ማሽን ከመግባቱ በፊት ቧንቧው በእጅ ቁፋሮ መገለጥ አለበት፤ በአካፋ፣ በዝግታ። ድጅኖና ዶማ ይቅር፤ እነሱም ይወጋሉ። ትልልቆቹ ድርጅቶች አፈሩን በውሃ ወይም በአየር ግፊት አላልተው በቫኪዩም ይመጥጡታል። አንድ ቦታ ላይ አይታችሁት «እንግዲህ ቀጥ ብሎ ይሄዳል» ማለትም አይሠራም፤ ዋልነት ክሪክ የተማርነው እሱን ነው። ትልቅ መስመር ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ ተቆጣጣሪ ይልካል። ሰውየው እስኪመጣ ቡና ጠጡ። ሳልረሳው፣ በላዩ ላይ ከባድ ገልባጭ መኪና ማሳለፍም ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ነው። መሬቱ ካልተቆፈረ ምን ቸገረው አትበሉ፤ ክብደቱ ወደ ታች ይደርሳል።

«ጥልቀቱ ስንት ነው?» ብሎ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። መሣሪያዬ ቁጥር ያሳያል፤ ግን አልነግራችሁም። እንደ አፈሩና እንደ አጎራባች ገመዱ ይለዋወጣል። ትልቁ መስመር ሲቀበር በቤቶች አካባቢ 36 ኢንች አፈር እንዲኖረው ደንቡ ያዛል። ያ ግን በተቀበረበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ጎርፍ አጥቦታል፣ አንዱ ለመኪና ማቆሚያ ደልድሎታል። ሦስት ጫማ ነው ብላችሁ ሁለት ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ።

የሚያበሳጨኝ ሌላም ነገር አለ፣ ምናልባትም ከሁሉም በላይ። ቧንቧው በማሽን ጥርስ ተጭሮ ካላፈሰሰ «እግዚአብሔር ይመስገን» ተብሎ አፈር ይመለስበታል። ምስጋናው አይከፋም። አፈር መመለሱ ነው የሚገድለው።

ይኼ በኛው ሰፈር ሆኗል። ማርች 28 ቀን 1993 እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ሬስተን አካባቢ 36 ኢንች የሆነ የናፍጣ መስመር ፈነዳ። ከ400,000 ጋሎን በላይ ናፍጣ ሹገርላንድ ራን የተባለው ጅረት ገባ፣ ከዚያም ፖቶማክ ወንዝ። የካውንቲው የውሃ መሳቢያ ተዘጋ። በዚያ ቀን ግን ማንም እዚያ አልቆፈረም። መርማሪዎቹ ያገኙት ምክንያት ቀደም ሲል የደረሰ የቁፋሮ ጉዳት ነው።

ከዚያ የባሰው በዋሽንግተን ስቴት፣ ቤሊንግሃም የሆነው ነው። በ1994 የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሲታደስ ማሽን የቤንዚኑን ቧንቧ ጎዳው። ጁን 10 ቀን 1999 ተሰነጠቀ። 237,000 ጋሎን ቤንዚን ወደ ጅረቱ ፈሶ ተቀጣጠለ። ሁለት የአሥር ዓመት ልጆችና አንድ የ18 ዓመት ወጣት ሞቱ። ለነገሩ በዚያ ቀን የቫልቭና የኮምፒውተር ችግርም ነበረ፤ ምክንያቱ ጭረት ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። ቢሆንም ቧንቧው የተሰነጠቀው ከአምስት ዓመት በፊት በተነካበት ቦታ ነው።

ይኼን ለባለቤቴ ሳወራላት ምሳሌዬን አፈረሰችብኝ። «የደም ሥር ቢጫር እኮ ይድናል። ብረት ይድናል እንዴ?» አለችኝ። አይድንም። ልክ ናት፣ ምሳሌዬ እዚህ ጋ ያበቃል። ብረቱ ሲጫር ከዝገት የሚጠብቀው ሽፋን ይላጣል፣ እርጥበት ይገባል። የተጫረበት ቦታም ይደርቅና በቀላሉ ተሰባሪ ይሆናል። ግፊቱ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ጥቃቅኗ ስንጥቅ ትንሽ ትንሽ ትሄዳለች። ስለዚህ ባያፈስም፣ ቀለሙ ብቻ የተላጠ ቢመስላችሁም፣ ሳትሸፍኑ ለባለቤቱ ኩባንያ ደውሉ። ሰው ይልካሉ፣ ይመረምራሉ፣ ይጠግናሉ። ያልደወለ ሰው ግን ፈንጂ ቀብሮ ሄደ ማለት ነው፤ ምናልባትም ለጎረቤቱ ልጆች።

ካፈሰሰስ? ማሽኑን ጥላችሁ በእግር ሽሹ፣ ፊታችሁን ወደ ነፋሱ አድርጋችሁ። መኪና አታስነሱ። ከራቃችሁ በኋላ 911 ደውሉ፤ ይኼ በሕግም ግዴታ ነው። ቫልቭ ፈልጎ ለመዝጋት የሚሞክር ጀግና አያስፈልግም። «አልሸተተኝም» አይባልም። የተፈጥሮ ጋዝ የራሱ ሽታ የለውም፤ ሽታው የሚጨመርበት ነው፣ በብዙ ትልልቅ መስመሮች ላይ ደግሞ አይጨመርም። የተጨመረበትም ቢሆን በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ሽታው ሊጠፋ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ የምናገረው። እኛ የምናሰምረው አብዛኛውን ጊዜ እስከ ቆጣሪው ድረስ ነው። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው፣ ለጓሮ ጥብስ፣ ለመዋኛ ገንዳ ማሞቂያ ወይም ለተነጠለ ጋራዥ የተዘረጋው፣ የናንተ ነው። 811 ብትደውሉም አይሰመርም። የግል ሎኬተር ተከፍሎት ይመጣል።

ከቀለሙ ጋር የምንተክላቸውን ትንንሽ ባንዲራዎችም አትንኩ። አንዲት እናት ጋ ሄጄ ሣር ለማጨድ ብለው ባንዲራዎቼን ሁሉ ነቅለው ጥግ ላይ በሥርዓት ደርድረዋቸዋል። ከዚያ በዓይናቸው እየለኩ መልሰው ተክለዋቸዋል። ቀጥ ያለ፣ የሚያምር መስመር ነበር። ከጋዙ ጋር ግን አይገናኝም። «ልጄ፣ ያንተ ትንሽ ጠማማ ነበር፣ አስተካከልኩልህ» አሉኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ እንደገና አሰመርኩት። ዝናብ ቀለሙን ካጠበው፣ ልጆች ባንዲራውን ከነቀሉት ወይም 811 ስትደውሉ የተከፈተላችሁ ትኬት ቀኑ ካለፈ እንደገና ደውሉ። ተመልሼ እመጣለሁ፤ ዋጋው ያው ነፃ ነው።