«ከሁለታችሁ ዋናው ማነው?»

ባለፈው ጥር እዚሁ ደብረ ብርሃን የዘመድ ሰርግ ላይ አጎቴ ብርሌውን እንደያዘ ጠጋ አለኝና «አንተ ልጅ፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ከሁለታችሁ ዘፈኑን የሚሰራው የትኛችሁ ነው?» አለኝ። ሁለታችንም ነን ጋሼ አልኩት። ሳቀብኝ። «እሱንስ ለሰው በለው፣ ለኔ እውነቱን ንገረኝ»። ከጓደኛዬ ጋር ግጥም ዜማ ቅንብር መስራት ከጀመርን ዘጠኝ አመት ሆነን፣ ይሄን ጥያቄ ያልጠየቀን ሰው የለም፣ ዘፋኙም ሾፌሩም፣ የቤት አከራያችን ሳትቀር (እሷስ ኪራዩን ማንን እንደምትጠይቅ ለማወቅ ነው፣ አልፈርድባትም)። በቃ አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ የጠየቀኝን ሁሉ ይሄን አንብብ ልበለው።

ስለኛ ብቻ ባወራ ደግሞ እናንተ እነማን ናችሁና ትሉኛላችሁ፣ ስለዚህ እንደኛ ሁለት ሆነው ዘፈን የሚሰሩትን ጂሚ ጃምና ቴሪ ሉዊስን ላምጣቸው። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ያለችው የሚኒያፖሊስ ልጆች ናቸው። እኛ አገር ሚኒሶታ ዘመድ የሌለው ሰው ስለሌለ ብርዱን ሰምታችኋል፣ ደብረ ብርሃን ከሱ ጋር ሲተያይ ሸዋ ሮቢት ነው። የዘፋኟን የጃኔት ጃክሰንን ትልልቅ አልበሞች የሰሩት እነሱ ናቸው፣ ቢልቦርድ ሆት 100 በሚባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ የወጡ 16 ዘፈኖች አሏቸው። ስለነሱ የሚወራውና ስለኛ የሚወራው ደግሞ ቁርጥ አንድ ነው።

ትንንሾቹን ወሬዎች ቶሎ ቶሎ ልጨርስ።

«ወንድማማቾች ናቸው።» አይደሉም፣ የልጅነት ጓደኞች ናቸው፣ ጃም ኪቦርድ ሉዊስ ቤዝ። እኛንም ወንድማማች የሚሉን አሉ፣ እሱ የመንዝ ልጅ ነው እኔ የአንኮበር፣ መልካችንም አይገናኝም።

«ማሽኑ ነው የሚሰራው።» ሮላንድ 808 የሚባለውን የከበሮ ድምጽ የሚያወጣ ማሽን እነሱም ገዙ ሌላውም ገዛ። የገዛ ሁሉ የት ደረሰ?

«ጃኔትን ባያገኙ ኖሮ ማንም አያውቃቸውም ነበር።» እንግሊዞቹን ሂውማን ሊጎችን በ1986፣ ቦይዝ ቱ ሜንን በ1994፣ አሸርን በ2001 አንደኛ ያስወጡት እነሱው ናቸው (አመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው)።

«ዘፋኝ መሆን አቅቷቸው ነው።» በራሳቸው ስም የመጀመሪያ አልበማቸውን ያወጡት በ2021 ነው፣ ወደ 40 አመት ለሰው ሲሰሩ ኖረው። ያቃተው ሰው እንዲህ አይታገስም።

«ፕሮዲውሰር ማለት ብር የሚያወጣው ነው።» ይሄኛው ከካሴት ዘመን የመጣ ነው። ያኔ ሙዚቃ ቤቱ ለዘፋኙም ለባንዱም ከፍሎ ካሴቱን ስለሚያሳትም ፕሮዲውሰር የሚባለው ባለ ብሩ ነበር፣ ሙዚቃውን የሚሰራው ደግሞ አቀናባሪ ይባላል። ጃምና ሉዊስ ፕሮዲውሰር ሲባሉ ግን ዘፈኑን ከባዶ ጽፈው፣ ተጫውተው፣ ዘፋኟን ማይክ ፊት አቁመው ቀድተው አስረከቡ ማለት ነው። እኔ ፕሮዲውሰር ነኝ ባልኩ ቁጥር ብድር የሚጠይቀኝ ሰው የማይጠፋው በዚሁ ምክንያት ነው።

«ፕሪንስ ነው የሰራቸው።» ግማሽ እውነት አለው፣ ዘ ታይም የሚባለውን ባንድ ያቋቋመው ዘፋኙ ፕሪንስ ነው፣ እነሱም እዛ ይጫወቱ ነበር፣ ሰውየው ልምምድ ላይ ቀልድ አያውቅም ነበር። ግን በ1983 አትላንታ ሄደው ኤስ ኦ ኤስ ባንድ ለሚባል ቡድን እየሰሩ እያለ በረዶ ጣለ፣ በረራ ተሰረዘ፣ ሳን አንቶኒዮ የነበረው የዘ ታይም ኮንሰርት አመለጣቸው፣ ፕሪንስም አባረራቸው። ሁለቱንም። አንዱ ይቅርታ ጠይቆ ልመለስ አላለም፣ እንደ ሁለት ሄዱ እንደ ሁለት ቀሩ፣ በ1987 ደግሞ የአመቱ ፕሮዲውሰር ተብለው ግራሚ ወሰዱ፣ እሱንም ለሁለት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ «አንዱ ነው የሚሰራው ሌላው ስሙን ነው የሚያስጽፈው» ወደሚባለው። ይሄ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። እኛ አገር ካሴት ላይ ግጥም እከሌ፣ ዜማ እከሌ፣ ቅንብር እከሌ ተብሎ ተለይቶ ነው የሚጻፈው። ይልማ ገብረአብና አበበ መለሰ እንኳን ስንት ስራ አብረው ሲሰሩ የአንዱ ስም ግጥም ላይ የሌላው ዜማ ላይ ነው የምናየው። ስለዚህ ሰው ስራ ሁሉ እንደ ቅርጫ ስጋ መደብ መደብ ተደርጎ የሚቀመጥ ይመስለዋል። ጃምና ሉዊስ ግን ገና ሲጀምሩ እኩል በእኩል ብለው ተጨባበጡ፣ በቃ፣ ማን ጻፈው ማን ተጫወተው ሳይባል የሁለቱም ስም ይገባል።

ጃኔት በ1985 ኮንትሮል የተባለውን አልበም ልትሰራ ሚኒያፖሊስ ስትመጣ የ19 አመት ልጅ ነበረች። ሁለቱ ለቀናት ምንም መሳሪያ ሳይነኩ ይዘዋት ከተማውን ዞሩ፣ ወሬ ብቻ፣ ስለ ቤተሰቧ፣ ስለሚያናድዳት ነገር። ከዛ ያወራችውን ግጥም አድርገው አሳዩዋት። አሁን በነዛ ቀናት ውስጥ ማን ሰራ? መኪናውን የነዳው ነው? የጠየቀው ነው ወይስ ዝም ብሎ የሰማው?

የራሴን ልንገራችሁ። አምና ክረምት አንድ በባቲ ቅኝት የተሰራ ዘፈን ላይ ሶስት ቀን ተጣድኩ። ክራር አስገባሁ፣ ዋሽንት ጨመርኩ፣ ከስር ሲንት (የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ድምጽ) ደረብኩ፣ ለየብቻ የተቀዳው ድምጽ 40 ምናምን ትራክ ደረሰ፣ ግን አይይዝም። ጓደኛዬ ሶስቱንም ቀን ከኋላዬ ጋቢውን ተከናንቦ የገብስ ቆሎ ይቆረጥማል፣ እንደውም ድምጹ እየረበሸኝ ሁለቴ ተቆጥቼዋለሁ። በሶስተኛው ቀን ማታ «ዋሽንቱን አጥፋው» አለኝ። አጠፋሁት። «ሲንቱንም»። እሱንም አጠፋሁ። «አሁን ሁለተኛውን ስንኝ አምጣና መግቢያ አድርገው»። አለቀ፣ ዘፈኑ ዘፈን ሆነ። ካሜራ ተተክሎ ቢሆን የምታዩት እኔ ሶስት ቀን ስለፋ እሱ ቆሎ ሲበላ ነው። ሶስት ቀን ደጋግሞ ሰምቶ ትርፉን ለይቶ ማውጣት ስራ ካልሆነ ስራ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ለአጎቴም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ በገበሬ ቋንቋ። ጋሼ፣ አንድ በሬ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል አይደል? ማታ ላይ ይሄን ትልም ቀኙ በሬ ነው ያወጣው ይሄን ግራው ነው ትላለህ? «እንዴ፣ በሬ እኮ ሌላ ነው» አለኝ። ተውኩት።

ግን እናንተ ገና ጀማሪዎች ሆናችሁ ተጨባብጦ መቅረት አይበቃችሁም፣ እነሱ ስለሆነላቸው ለናንተም ይሆናል ማለት አይደለም። የዛሬ ሁለት አመት ከመሀል ሜዳ ሁለት ልጆች መጡልን፣ አንዱ ይጽፋል አንዱ ቢት ይሰራል፣ አንድ ዘፈናቸው ዩቲዩብ ላይ ትንሽ ሲሰማ አዝማቹ የኔ ነው የለም የኔ ነው፣ 70 ለ30 ተባባሉና ተለያዩ። አሁን አንዱ ባጃጅ ይነዳል አንዱ ሰርግ ላይ ኪቦርድ ይመታል፣ ያላለቁ አምስት ዘፈኖቻቸው እኛ ሃርድ ዲስክ ላይ አሉ፣ አንዱም መጥቶ አይወስድም።

ስለዚህ ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት፣ ገና ገንዘብ ሳይመጣና ሳትኳረፉ፣ ወረቀት ላይ ጻፉት። ድርሻው ስንት ነው፣ የዩቲዩቡ ፓስወርድ ማን ጋር ነው፣ አንዱ ቢወጣ ያላለቀው ስራ የማን ነው፣ ከዘፋኝ ጋር ዋጋ የሚነጋገረው ማነው። በኛ የቅጂ መብት አዋጅ፣ 410/1996 ማለት ነው (ይሄ አመት ግን በኛ አቆጣጠር ነው)፣ በጋራ የተሰራ ስራ የኢኮኖሚ መብቱ (ከስራው ገንዘብ የማግኘት መብት) የሚቆየው ኋላ የሚሞተው ሰው በህይወት እስካለና ከሞተ በኋላም 50 አመት ነው። ልጆቻችሁና የልጅ ልጆቻችሁ የሚካፈሉት ነገር ነው እንግዲህ። ድርሻው ላይ የኔን ምክር ከፈለጋችሁ እኩል አድርጉት፣ አንድ ዘፈን ላይ የተጎዳ ሌላው ላይ ይጠቀማል፣ መቶኛ እያሰቡ ዜማ አይወጣም። ፈርማችሁ ፎቶ አንሱትና ቴሌግራም ላይ ለሁለታችሁም ይላክ።

አጎቴ ሰሞኑን ደውሎ ነበር። «አጣራሁ እኮ፣ አንተ ነህ አሉ የምትሰራው» ይለኛል ደስ ብሎት። ማን ነገረህ ስለው ጓደኛዬን ከተማ አግኝቶት ጠይቆት ኖሯል፣ እሱም «እሱ ነው ጋሼ፣ እኔ ቆሎ ነው የምበላው» ብሎት እርፍ።