«ፍልስፍና የዘመኑ ልጅ ነው» ሲባል

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ጊዜው አልፎበታል» ማለት ይመስለዋል። አይደለም። አባባሉ የሚነግረን ጥያቄው ከየት እንደመጣ ነው፤ መልሱ ልክ መሆን አለመሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

እንግሊዛዊውን ፈላስፋ ቶማስ ሆብስን እንይ። የተወለደው የስፔን መርከቦች እንግሊዝን ሊወጉ በተነሱበት በ1588 (በፈረንጆቹ) ነው፤ እናቴ መንታ ወለደች፣ እኔንና ፍርሃትን፣ ይላል ራሱ። በ1640 ወደ ፓሪስ ሸሸ። አገሩ በንጉሡና በፓርላማው ወገኖች የእርስ በርስ ጦርነት ነደደች፤ በ1649 የንጉሥ ቻርልስ አንገት ተቀላ። ታዲያ በ1651 «ሌዋታን» በተባለው መጽሐፉ ብርቱ ገዢ ከሌለ ሰው እርስ በርሱ ይበላላል ቢል ምን ይገርማል?

ግን ዘመን ሁሉንም አይወስንም። ሌላው እንግሊዛዊ ፈላስፋ ጆን ሎክ በዚያው ጦርነት ውስጥ ነው ያደገው፤ አባቱም ለፓርላማው ወገን ተዋግቷል። እሱ ደግሞ ሕዝብ ጨቋኝ ገዢን ማውረድ ይችላል አለ።