ጾሙ ሲፈታም የሚቀጥል፦ ከሥጋና ከወተት የራቀ አመጋገብ በጎንደር

በጎንደር ከተማ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ያልነካው ምግብ ብርቅ አይደለም። አብዛኛው ነዋሪ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አማኝ በመሆኑ የዓመቱ ግማሽ ያህል የሚያልፈው በጥራጥሬ፣ በአትክልትና በቅባት እህል ነው። ብርቅ የሚሆነው ጾሙ ተፈትቶ፣ ዶሮው ተሠርቶ፣ ጎረቤት ሁሉ ቅርጫ ሲካፈል በሽሮው የሚጸና ሰው ነው። በዚህ ከተማ ከሥጋ ለመራቅ የቆረጠ ሰው ወጥ የሚሠራለት አያጣም፤ እናቱም አያቱም ያውቁበታል። የሚፈተነው በበዓል ቀን ነው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ሰባት የታወጁ አጽዋማት አሏት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይፈጃል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ በገና ይፈታል፤ ፍልሰታ ነሐሴ ከባተበት ቀን ጀምሮ ለ15 ቀን ይጾማል። ጾመ ሐዋርያት ከጰራቅሊጦስ ማግስት ጀምሮ ሐምሌ 5 ስለሚፈታ፣ ፋሲካ በሚውልበት ቀን ልክ አንድ ዓመት ይረዝማል፣ አንድ ዓመት ያጥራል። ነነዌ ሦስት ቀን ብቻ ነው። የገናና የጥምቀት ዋዜማ ጾም የሆነው ገሃድ፣ እንዲሁም ከፋሲካ በኋላ ካለው ሃምሳ ቀን በስተቀር ዓመቱን ሙሉ የሚጾሙት ረቡዕና ዓርብ ሲጨመሩ፣ ምእመኑ የሚጾመው ወደ 180 ቀን፣ ካህናቱና መነኮሳቱ ደግሞ እስከ 250 ቀን ይደርሳል። በፈቃድ የሚጾመውን ጽጌን የሚያክሉበትም ብዙዎች ናቸው።

ይህ ሁሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ መራቅን ቢያለማምድም ጾምና አትክልት ተመጋቢነት አንድ አይደሉም። ጾም ሰዓት አለው፤ ቀድሞ ቁርስ የሚበላ ሰው ሽሮ ቢበላም ጾመ አይባልም። ጸሎትና ስግደት ያልታከለበትንም ካህናቱ ከረሃብ አይለዩትም። በዚያ ላይ ጾም መፈቻ አለው። የጣና ዓሣ ጉዳይም አለ። በጾም ዓሣ መብላት ይገባል አይገባም የሚለው ክርክር ያረጀ ቢሆንም፣ በሑዳዴ ከጎርጎራ በኩል የሚመጣው ቀረሶና አምባዛ በከተማው ሆቴሎች እንደ ልብ ይሸጣል። ስለዚህ «የጾም ምግብ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ አትክልት ተመጋቢ የዓሣ ጉላሽ ቢቀርብለት አስተናጋጁን መቆጣት የለበትም፤ የተጠየቀውን ነው ያመጣው። በሌላ በኩል ወተትና እንቁላል እየበላ ሥጋ ብቻ የሚተው ሰው በምግብ ዝርዝሩ ላይ ቦታ የለውም። ዝርዝሩ የሚያውቀው ጾምንና ፍስክን ብቻ ነው።

የጎንደር ማዕድ በጾም የሚበለጽገው በዙሪያው ካለው እርሻ የተነሣ ነው። ደምቢያ ከጣና ሰሜን በተንጣለለው ጥቁር አፈር ላይ ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል። ደጋዎቹ ወገራ፣ ዳባትና ደባርቅ ገብስና ባቄላ ያወርዳሉ፤ ቆላው መተማ ሰሊጥ ይልካል፤ ኑግ ደግሞ በየወረዳው ይዘራል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ይህ ሁሉ ጎን ለጎን ተዘርግቶ ይገኛል። ሽሮን ብቻ ብንወስድ፣ ጥራጥሬው ተለቅሞና ታምሶ ይከካል፤ ክኩ ከደረቀ በርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከኮረሪማ፣ ከበሶብላና ከአዝሙድ ጋር ተመጥኖ ይፈጫል። ባለሙያዋ ምጣኔውን በእጇ እንጂ በሚዛን አታውቀውም። ጥሩ ምጥን ሽሮ ያላት ቤት እንግዳ ድንገት ቢደርስባት አትደነግጥም።

ከሽሮ፣ ከምስርና ከጎመን ባሻገር ያሉት ምግቦች ግን ከወጣቱ ማዕድ እየራቁ ነው፤ ይህ ያሳዝናል። ስልጆ ለአብነት ይጠቀስ። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተበጥብጦ እንደ ገንፎ እስኪወፍር ይበስላል፤ ሲቀዘቅዝ የተፈጨ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ይገባበትና ተከድኖ ለጥቂት ቀናት ይብላላል። ሲከፈት ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ በእንጀራ ጠቅሰው ሲቀምሱት ግን የዓይብ ናፍቆት ይቀንሳል። እልበት፣ አዚፋ፣ የተልባና የሱፍ ፍትፍት፣ ከሽምብራ ዱቄት በዓሣ ቅርጽ ተጠፍጥፎ የሚጠበሰው የሽምብራ ዓሣ፣ በጸሎተ ሐሙስ ከስንዴና ከባቄላ የሚቀቀለው ጉልባን ሁሉም የዚሁ ሙያ ልጆች ናቸው። ሥጋን ለመተው የሚያስብ ሰው ከውጭ የሚመጣ የሥጋ ምትክ ከመፈለጉ በፊት ለእነዚህ ጊዜ ቢሰጥ ያተርፋል።

ታዲያ ጎንደር በውጭው ዓለም በሥጋም ስሟ ይነሣል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከተማዋ ደርሶ ስለ ጥሬ ሥጋ ግብዣ የጻፈው ትረካ አውሮፓውያንን ለዘመናት ሲያስገርም ኖሯል። በአንጻሩ በዚሁ በጎንደር ምድር ሰሜን ጫፍ ያለው የዋልድባ ገዳም ከሥጋም አልፎ እህል የማይቀመስበት ነው። አባቶች የሚመገቡት ቋርፍ የሚባለውን፣ ከሙዝ ተክል ሥር የሚዘጋጀውን ምግብ ነው። እንዲህ ያለውን ኑሮ ሕዝቡ ያከብረዋል፤ ግን የመነኮሳት አድርጎ ነው የሚያየው። ለዚህም ይመስላል በበዓል ቀን ሥጋ አልበላም ያለ ወጣት መጀመሪያ የሚጠየቀው «ልትመነኩስ ነው ወይ?» ተብሎ ሲሆን፣ ቀጥሎ «አሞሃል እንዴ?» የሚባለው። ሦስተኛ ምክንያት ለብዙ ሰው አይታየውም። ስለ እንስሳት አዝኖ ሥጋ የተወ ሰው ምክንያቱን ማስረዳት ይከብደዋል፤ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ሪህ ያለበት ግን በአንድ ቃል ይገላገላል።

የፋሲካ ማዕድ ላይ ያለውን ጫና ያላየ አያውቀውም። አክስት የዶሮዋን ብልት በእንጀራ ጠቅልላ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያለች አፍ ድረስ ታመጣለች። ጉርሻ መመለስ ምግብን ብቻ ሳይሆን ሰውን መመለስ ነውና ብዙ ሰው ውሳኔው የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ነገሩን ቀድሞ ለቤቱ እመቤት በግል መንገር ይጠቅማል። የምታከብረው እንግዳ የሚበላው አጥቶ ጦሙን ከሚያድር ሁለት ዓይነት የጾም ወጥ መጨመር አይከብዳትም፤ የሚያስቀይማት ማዕዱ ከቀረበ በኋላ «አልበላም» መባሉ ነው።

ሌላው እንቅፋት ቅቤ ነው። በፍስክ ቀን ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ክኩ አልጫው ሁሉ ንጥር ቅቤ ይነካዋል። ምግብ ቤት ገብቶ «ሥጋ አለበት?» ብሎ የጠየቀ ሰው «የለበትም» ቢባል መልሱ እውነት ነው፤ ቅቤ እንደ ማጣፈጫ እንጂ እንደ ሥጋ አይቆጠርም። «በዘይት የተሠራ፣ ቅቤ ያልገባበት» ብሎ ለይቶ ማዘዝ ይሻላል። ረቡዕና ዓርብ በየዓይነቱ የማይጠፋበት ቤት ማክሰኞ ዕለት ጥብስና ቅቅል ብቻ ሊኖረው ይችላል፤ ተጋቢኖ ግን በማንኛውም ቀን በጥቂት ደቂቃ ይደርሳል። ካፌዎች በጾም ወቅት የሚያቀርቡት የጾም ኬክና በኦቾሎኒ ወይም በአኩሪ አተር ወተት የሚሠራው የጾም ማኪያቶም ፋሲካ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይጠፋል።

ሥጋ የሌለበት ማዕድ በጎንደር አንድ ሌላ ውለታ አለው። ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1668 ባደረጉት ጉባኤ ሙስሊሞች ተለይተው እንዲኖሩ ከተወሰነ ወዲህ አዲስ ዓለም የሙስሊሞች ሰፈር ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተዋልደውና ተጎራብተው ቢኖሩም አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም፤ በሠርግም በለቅሶም ድስቱ ይለያል። ምስሩና ጎመኑ ግን የማንም እርድ አይደሉም። አንድ ትሪ ከብቦ ለመብላት ከጾም ምግብ የሚቀል የለም።

ስለ ጤናው ሲነሣ፣ ግማሽ ዓመት የጾመ ሰው ሙሉ ዓመት መቀጠል አያቅተውም ብሎ መደምደም ያሳስታል። ቫይታሚን ቢ12 በዕፅዋት ምግብ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ የእንጀራ እርሾም አስተማማኝ ምንጭ አይሆንም። ጿሚው በፍስክ ጊዜ ከሚበላው ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት እየተካው ያልፋል፤ ጉበትም ለረጅም ጊዜ ያከማቸዋል። ፈጽሞ የተወ ሰው ግን እንክብሉን መውሰድ ወይም ቫይታሚኑ የተጨመረበት ምግብ መመገብ አለበት። እጥረቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ የእጅና የእግር መደንዘዝ እስኪታይ መጠበቅ አይገባም።

በብረት ማዕድን በኩል የአካባቢው ምግብ ደህና ነው። ጤፉም ምስሩም ብረት አላቸው፤ ሊጡ መቡካቱ ደግሞ ብረቱን የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሰዋል። ከማዕዱ ጎን የሚቀመጠው የቃሪያ ስንግም ሆነ ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ በያዘው ቫይታሚን ሲ የብረቱን ውህደት ያግዛል። የሚያበላሸው ቡናው ነው። እጅ ሳይደርቅ የሚቀርበው አቦል የምግቡን ብረት ያስቀረዋልና ቢያንስ አንድ ሰዓት ቢቆይ መልካም ነው። ይህን ለጎንደር ሰው መምከር ግን ድፍረት ይጠይቃል። እህሉ የሚያንሰውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬው ስለሚሞላ እንጀራ በሽሮ ተራ ጥምረት አይደለም። ተልባ የኦሜጋ 3 ቅባት፣ ሰሊጥና ጎመን ደግሞ ካልሲየም ይሰጣሉ። ጨው አዮዲን ያለበት ይሁን። የጾም ወጥ በዘይት መዋኘቱም ልማድ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ የሚረጋው የፓልም ዘይት በተለይ ለልብ የሚመከር አይደለም።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ እንዲሁም ሕፃናት ያለ ሐኪም ምክር ከእንስሳት ተዋጽኦ ፈጽሞ መራቅ የለባቸውም። በጾሙም ቢሆን ለአራስና ለሕመምተኛ በንስሐ አባት በኩል እንዲላላ የሚደረግበት ሥርዓት አለ።

በጥራጥሬ የሚኖር ሰው በዚህ አካባቢ ከሁሉ በላይ ሊያውቀው የሚገባው ጓያን ነው። ጓያ ድርቅም ውሃ የተኛበት መሬትም ስለማይበግረው ሌላው ሰብል ሲከዳ እሱ ይደርሳል፤ ደምቢያና ፎገራ ውስጥ በብዛት የተዘራውም ለዚህ ነው። ኦዳፕ የሚባል መርዝ ግን በውስጡ አለ። ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ሁለት እግርን የሚያሽመደምድ፣ የማይድን በሽታ ያመጣል። በሁለቱ ወረዳዎች በሽታው በስፋት መታየቱ በጥናት ተመዝግቧል። አንዳንድ አርሶ አደሮች የጓያው እንፋሎት ወይም በማሳው ውስጥ ማለፍ ያሽመደምዳል ብለው ያምናሉ፤ የሚጎዳው ግን መብላቱ ነው። እንደ ንፍሮ፣ እንደ ቆሎና እንደ እሸት ሲበላ አደጋው ይበረታል። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ከእህል ጋር ማቀላቀል ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ዋጋው ርካሽ በመሆኑ ከሽሮ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ሊሸጥ ይችላል፤ ሽሮ አልፎ አልፎ ለሚቀምሰው ሰው ይህ ብዙም አያሰጋም። ቁርስ ምሳ እራቱን ሽሮ ያደረገ ሰው ግን ተፈጭቶ የተዘጋጀውን ከመግዛት ይልቅ ሽምብራውንና ባቄላውን በእህልነቱ ገዝቶ፣ ማዕዘን ማዕዘን ያለውን የጓያ ፍሬ ለቅሞ አውጥቶ ማስፈጨት ይገባዋል።