የጡት ኢምፕላንት ከጡንቻ በላይ ወይስ በታች፦ ለወሎ አንባቢ የቀረበ አጠቃላይ ዳሰሳ

የጡት ኢምፕላንት ከሲሊኮን የተሠራ ከረጢት ሲሆን ውስጡ በሲሊኮን ጄል ወይም በጨው ውሃ ይሞላል። ስለ መጠኑ ብዙ ይወራል፤ የሚቀመጥበት ቦታ ግን ከመጠኑ ባልተናነሰ ውጤቱን ይወስናል። ጥያቄው በአጭሩ ከደረት ጡንቻ በላይ ወይስ ከጡንቻው በታች የሚል ነው።

ትልቁ የደረት ጡንቻ፣ ሐኪሞች ፔክቶራሊስ ሜጀር የሚሉት፣ ከደረት መሐል አጥንትና ከጎድን አጥንቶች ተነሥቶ እየጠበበ ይሄድና የላይኛው ክንድ አጥንት ላይ ያርፋል። ክንድን ወደ ፊት፣ ወደ ታችና ወደ መሐል የሚስበው እሱ ነው። ቡና በሙቀጫ ሲወቀጥ፣ ሊጥ ሲቦካ፣ ልብስ በእጅ ሲታሽ የሚሠራው ይኸው ጡንቻ ነው። ደሴ ፒያሳ ቢሮ ተቀምጣ የምትውል ሴትና ወረኢሉ ገጠር ከምንጭ ውሃ የምትቀዳ ሴት ደረታቸው ቢመሳሰል እንኳ ምርጫቸው ሊለያይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው የሲሊኮን ኢምፕላንት ሰው ላይ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካዋ ሂዩስተን ከተማ ሲሆን ሐኪሞቹ ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጄሮው ነበሩ። በዚያ ዘመን የተለመደው ቦታ ከጡንቻ በላይ፣ ከጡት እጢው ሥር ነበር። ዛሬም ይሠራበታል። ጡንቻው ስለማይነካ ሕመሙ ቀለል ይላል፣ ማገገሙም ይፈጥናል፤ ክንድ ሲንቀሳቀስ ጡቱ አብሮ አይዘልም። ችግሩ ሽፋን ነው። ሐኪሙ ከጡት ጫፍ በላይ ያለውን ቆዳና ሥጋ በሁለት ጣት ቆንጥጦ ካሊፐር በሚባል የውፍረት መለኪያ ይለካል። 2 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ የኢምፕላንቱ ጠርዝ በቆዳ በኩል ሊታይ፣ ሴትየዋ ስታጎነብስም የከረጢቱ ሽብሽብ ሊወጣ ይችላል። በቀጭን ሴት ላይ የጨው ውሃ ኢምፕላንት ከጡንቻ በላይ ማስቀመጥ ሽብሽብን ጠርቶ እንደማስገባት ነው፤ ጄሉ በዚህ በኩል ይሻላል። ለቆዳ ቅርብ የሆነ ኢምፕላንት በብርድ ጊዜ ሲነካ ቀዝቀዝ ማለቱን ብዙ ሴቶች ይናገራሉ፤ የደሴን ክረምት ለሚያውቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በጡንቻውና በላዩ ባለው ስስ ሽፋን መካከል የሚያስቀምጡም አሉ። ሽፋኑ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ለቀጭን ሴት የሚጨምረው መከለያ ጥቂት ነው።

ከጡንቻ በታች የሚለው አነጋገር ያሳስታል። በመዋቢያ ቀዶ ሕክምና ኢምፕላንቱ ሙሉ በሙሉ በጡንቻ የሚሸፈንበት ጊዜ ጥቂት ነው። የተለመደው እ.ኤ.አ. በ2001 ጆን ቴቤትስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የገለጸው ባለ ሁለት ንጣፍ የሚባለው ዘዴ ነው። የላይኛው ክፍል ከጡንቻ ሥር፣ የታችኛው ክፍል ከጡት እጢ ሥር ይሆናል። ለዚህ ሲባል ጡንቻው በታች በኩል ከጎድን አጥንት ይላቀቃል። ከደረት መሐል አጥንት ጋር የተያያዘበት መስመር ግን አይነካም። እዚያ ላይ ቢላ የበዛበት ሐኪም ሁለቱን ጡቶች መሐል ላይ ሊያገናኛቸው ይችላል፤ ይህን መልሶ ማስተካከል ከመጀመሪያው ሥራ ይከብዳል።

የዚህ ዘዴ ጥቅም የላይኛው ጠርዝ መሸፈኑ ነው። ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ሲነሣም የጡቱን ሥጋ ከኢምፕላንቱ ለይቶ ማየት ይቀላል፣ ከረጢቱን የሚያጠብቀው ጠባሳም አነስ ይላል። በአንጻሩ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመም ይበረታል። ኢምፕላንቱ መጀመሪያ ወደ ላይ የወጣ ይመስላል፤ ቦታውን እስኪይዝ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ተበላሸ ብሎ መደንገጥ የተለመደ ነው። ዘላቂው ጉድለት ሌላ ነው። ሴትየዋ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስትጫን ጡንቻው ይኮማተርና ኢምፕላንቱን ወደ ላይና ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ቆዳውም ይጨማደዳል። ዘነዘና ባነሣች ቁጥር ይኸው ይደገማል። በክንዷ ጉልበት ለምታድር ሴት፣ ሥጋዋ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ፣ ከጡንቻ በላይ ማስቀመጡ የተሻለ ይሆናል። ቀጭን ከሆነች ግን ምርጫው ይጠባል፤ ወይ እንቅስቃሴውን ትቀበላለች፣ ወይ መጠኑን ትቀንሳለች።

ብዙ ልጆች ያጠባ ጡት ሌላ ጉዳይ ነው። የጡቱ ጫፍ ከጡት ሥር እጥፋት በታች ወርዶ ከሆነ የትኛውም ንጣፍ አያነሣውም፤ ቆዳውን ማንሣት ያስፈልጋል። ኢምፕላንቱን ብቻ ከጡንቻ ሥር ያስገባች ሴት ላይ ኢምፕላንቱ ላይ ቀርቶ ጡቱ ከፊቱ ይንጠለጠላል።

በካንሰር ምክንያት ጡቷ በቀዶ ሕክምና የተወገደላት ሴት ጋ ሲመጣ ከላይ የሚሸፍን የጡት እጢ የለም። ቆዳው በቂ ካልሆነ መጀመሪያ የመለጠጫ ከረጢት ይገባና ቁስሉ ሲድን በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በመርፌ የጨው ውሃ ይጨመርበታል። አዲስ አበባ ለምትታከም የደሴ ሴት እያንዳንዱ መርፌ የ400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ስለዚህ ቀጠሮው ስንት ጊዜ እንደሆነና በአቅራቢያ ሊሠራ ይችል እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ብዙዎቹ መለጠጫዎች ማግኔት ስላለባቸው ሐኪሙ ሳይጠየቅ ኤምአርአይ ክፍል፣ ማለትም በኃይለኛ ማግኔት የሰውነት ውስጥ ምስል የሚነሣበት ክፍል፣ አይገባም። ዛሬ ኢምፕላንቱን በመረብ ወይም በተዘጋጀ ቆዳ ጠቅልሎ ከጡንቻ በላይ ማስቀመጥም አለ። የጨረር ሕክምና የወሰደ ደረት ላይ ግን ጠባሳው ስለሚጠብቅ ከጀርባ ወይም ከሆድ ሥጋ ተወስዶ የሚሠራ ጡት የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

የጠባሳ ነገር ሲነሣ፣ ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት ዙሪያውን በጠባሳ ይከባል፤ ይህ ደንብ ነው። ጠባሳው ሲጨብጥ ነው ጡቱ የሚጠነክረው፣ የሚጣመመውና የሚያምመው። ቤከር የሚባለው መለኪያ ከ1 እስከ 4 ያስቀምጠዋል፤ 3 እና 4 የሆነው አብዛኛውን ጊዜ እንደገና ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። ቦታው ብቻ አይደለም መንሥኤው፤ ኪሱ ውስጥ የቀረ ደምና ጥቂት ባክቴሪያ ያባብሱታል። በጡት ሥር እጥፋት በኩል መግባት የሚመረጠው በከፊል ለዚህ ነው። በጡት ጫፍ ዙሪያ ሲቀደድ ባክቴሪያ ያለባቸው የወተት ቱቦዎች ይነካሉ፤ ኋላ ልታጠባ ለምታስብም ስጋቱ ይጨምራል።

የመጀመሪያው ቀን የሚፈራው የደም መቋጠር ነው። አንደኛው ጡት በድንገት ካበጠ፣ ከተወጠረና ከሌላው ይልቅ ካመመ ወዲያው ወደ ሐኪሙ መመለስ ይገባል፤ ለነገ አይባልም። ስለዚህ በማግስቱ የደሴን አውቶብስ መሳፈር መጥፎ ሐሳብ ነው፤ የመጀመሪያው ምርመራ እስኪያልፍ ቀዶ ሕክምናው በተደረገበት ከተማ መቆየት ይሻላል። 20 ሊትር ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ለ6 ሳምንት ያህል ሌላ ሰው ይቅዳ። ሕፃን ማዘልም እንደዚያው። ሙስሊሟ ሱጁድ ስትወርድ፣ ክርስቲያኗም ስትሰግድ ክብደቷን በእጇ ትደግፋለች፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ተቀምጦ መጸለይ በሁለቱም ዘንድ ለሕመምተኛ የተፈቀደ ነው። ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ «አብሽሪ» እያለ ይገባል፤ እሷም ተነሥታ ቡና ላፍላ ማለቷ አይቀርም። መነሣቱ አይጎዳትም፤ ሙቀጫውን ግን ጎረቤት ይያዘው። ቁስሉ ላይ ቅቤም ቅጠልም አይደረግም። ሲጋራና ሺሻ የቆዳን የደም ዝውውር ስለሚቀንሱ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ይቆማሉ፤ ቁስሉ እስኪድንም አይጀመሩም።

ኢምፕላንት ዕድሜ ልክ የሚቆይ ዕቃ አይደለም። የሲሊኮን ጄል ኢምፕላንት ከረጢት ሳይታወቅ ሊቀደድ ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከ5 እስከ 6 ዓመት ላይ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ መጀመሪያ እንዲታይ፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ እንዲደገም ይመክራል። ገጹ ሻካራ የሆነው ዓይነት እምብዛም ከማይከሰት የሊምፍ ካንሰር ጋር ተያይዟል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የታወቀ ምርት ከዓለም ገበያ የተሰበሰበውም በዚህ ነው። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዓመታት በኋላ የአንድ ጡት ድንገተኛ እብጠት ነው። እንዲህ ያለ እብጠት ሲገጥም ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው የኢምፕላንቱን ዓይነት ስለሆነ፣ ምርቱ፣ መጠኑ፣ ተከታታይ ቁጥሩና ከጡንቻ በላይ ወይም በታች መሆኑ የተጻፈበት ካርድ ከቀበሌ መታወቂያ ጋር ይቀመጥ። ማሞግራፊ የምታነሣው ባለሙያም ኢምፕላንቱን ወደ ኋላ ገፍታ ተጨማሪ ፎቶ እንድታነሣ ያ ካርድ ቀድሞ ይታያት።